የብርቅዬ አዲስ ወለል

ብርቅዬ ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት የቤቷን ሊሾ አስቆፍራ ፖርሲሊን ሴራሚክ ልታስነጥፍ ተነሣች። ጎረቤቷ ዘመነች ይህን ከማንም በፊት ሰማች። አጥራቸው አንድ ነው፤ የቆርቆሮው ቀዳዳም የሚያሳየው ወደ ብርቅዬ ግቢ ነው።

ሴራሚኩን ለመምረጥ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አብራት የወረደችውም ራሷ ዘመነች ነበረች። ሻጩ ናሙናውን ግድግዳ እያስደገፈ ሲደረድር፣ ዘመነች ፊት የሚያሳየውን ነጭ መረጠች። ብርቅዬ ግን ውኃ አስመጥታ አፈሰሰችበትና በጫማዋ ረገጥ አደረገችው።

«ያንሸራትታል» አለች።

«ማን ሊወድቅብሽ ነው? ብቻሽን የምትኖሪ ሴት።»

«ሰው ይገባል ይወጣል እኮ፣ እትዬ ዘመነች።»

ሻካራውን፣ አመድማውን ገዝታ ተመለሰች። ዘመነችም «ሰው» የምትለዋን ቃል በሆዷ ይዛ ተመለሰች።

አንጣፊው መዝገቡ ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። በአራት ቀን እጨርሳለሁ ያለው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሲጠየቅ፣ ብርቅዬ እያንዳንዱን ሴራሚክ በጣቷ እያንኳኳች ታዳምጣለች፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሲሚንቶው ከሥር አልያዘም ብላ ታስነሣኛለች አለ። ዘመነች ግን ሦስት ሳምንት የሚንኳኳ ወለል ሰምታ አታውቅም።

ሥራው አለቀ። ከብርቅዬ ቤት የሚሰማው የወንድ ድምፅ ግን አላለቀም። ቴሌቪዥኑ ከፍ ይላል፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ሳቅ ይሰማል። ከፊት ለፊቱ በር ግን ሰው ሲገባም ሲወጣም አይታይም።

ዘመነች እንደ ልቧ መጠበቅ እንኳ አልቻለችም። ባሏ ጥሩነህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ይውላል፤ አጥር ስር መቆሟንም አይወድላትም። ደግነቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ጉልበቱን ሊታሽ ዘነበወርቅ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው የእሷ ነው።

ስለ ጥሩነህ ከተነሣ፣ በዚያ ሰሞን ሰውየው እየተስተካከለ ነበር። ሠላሳ ዓመት አውራ ጣቱ ከካልሲው ብቅ ብሎ የኖረ ሰው፣ አሁን ያልተቀደደ ካልሲ ካላገኘ ከቤት አልወጣም ይላል። የገዛ ሊሾው ላይ እንኳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ መግባት ጀመረ። ዘመነች «ጮኼ ጮኼ ገባው» እያለች ለሰፈሩ አወራች። የግራ ጫማው ጎኑ ቢተረተር ጥቁር ክር አልቆባት በሰማያዊ ሰፋችለት፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ድሮ ቢሆን ሳምንት ያኮርፍ ነበር።

የሴቶቹ እድር ምርጫ ደረሰ። ዘመነች ዘጠኝ ዓመት ሰብሳቢ ሆናለች፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ሴቶቹ ብርቅዬን እናድርግ ማለት ጀመሩ። ያቺ ቁልፍ ከአንገቷ ከወረደች ዘመነችን ማን ይሰማታል? ስለዚህ ያየችውንም ያላየችውንም በእድሩ ጠብ ሲነሣ ለሚዳኙት ለወይዘሮ ማኑሄ ነገረች፤ ብርቅዬ የሰው ባል ይዛለች፣ እሱም መዝገቡ ነው አለች።

ወይዘሮ ማኑሄ ረጋ ብለው ሰሟት።

«የሰው ስም ነው፣ ዘመነች። ዋሽተሽ ከተገኘሽ በእድርተኛው ፊት ይቅርታ ትጠይቂና ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

«እውነት ከሆነስ?»

«እውነት ከሆነ ብርቅዬ አትመረጥም። ሰውየውም በእድርተኛው ፊት በስሙ ይጠራል።»

«ይጠራ እንጂ። እኔን የምታሳዝነኝ ሚስቱ ናት። ዓይን የላትም እንዴ?»

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ጥሩነህ ምሳውን በልቶ፣ ንጹሕ ካልሲውን አጥልቆ ወደ ሕክምናው ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳቁ ተሰማ። ዘመነች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወይዘሮ ማኑሄን ጠራች። የታችኛው መንደር ነዋሪ ጉዲቱም ለምስክርነት መጣች። ብርቅዬ ቤት በታች በኩል የጓሮ በር እንዳለ የነገረቻቸውም ጉዲቱ ናት።

በታችኛው ቅያስ ሲዞሩ፣ ኪዮስኩ ፊት ለፊት ውኃ ልኩን በብብቱ የያዘ ሰው ቆሞ ለስላሳ ይጠጣል። መዝገቡ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

ወይዘሮ ማኑሄ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«መዝገቡ ያውና። በይ ቁልፉን።»

ዘመነች ደረቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጥ አደረገች።

«እሱ ካልሆነ ሌላ ነው። እዚህ ድረስ መጥተን አንመለስም።»

የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። በብርቅዬ አዲስ ወለል ላይ ጫማ አድርጎ የሚገባ የለም፤ ደፉ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ ተደርድሯል።

«ይኸው» አለች ዘመነች፤ ደስታዋ ድምፅዋን አቀጠነው። «ይህንንም ውሸት በሉኛ። ጉዲቱ፣ አንሺው። ወደ ብርሃን አውጪውና የማን እንደሆነ ወይዘሮ ማኑሄ ይዩት።»

ጉዲቱ ጎንበስ ብላ የግራውን ጫማ አነሣችና ወደ ፀሐዩ አዞረችው።

ጎኑ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።