የኢንዱኒል ኪስ

ኢንዱኒል ኳስ ለመወርወር ከመንደርደሩ በፊት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ጃናካ ይህን ልብ ያለው ዘንድሮ ነው። አንዴ ልብ ካለው በኋላ ግን ዓይኑን ከዚያ ኪስ ላይ መንቀል አቃተው።

ሁለቱም ከኮሎምቦ በስተደቡብ ያለችው የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ የጋል ልጆች ናቸው። ባሕሩ ዳር በኮኮናት ዝንጣፊ ክሪኬት እየተጫወቱ አድገው አብረው ለብሔራዊ ቡድን በቅተዋል። ኢንዱኒል የአገሩ ፈጣን ወርዋሪ ሆነ፣ ጃናካ ደግሞ አምበል።

የፈጣን ወርዋሪ ዕድሜ አጭር ነው፤ ጉልበቱና ትከሻው ቀድመው ይከዱታል። ባለፈው ዓመት መቺዎች የኢንዱኒልን ኳስ እንደ ልባቸው ሲቀጠቅጡ ከርመው፣ መራጮቹ ለእንግሊዙ ጉዞ ስሙን ሊሰርዙት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ዘንድሮ ነገሩ ተገለበጠ። አርጅታ የተላላጠችው ኳስ ከእጁ ቀጥ ብላ ትወጣና መቺው ዘንድ ስትደርስ እጥፍ ትላለች። ከመቺው ጀርባ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ሲበታተኑ ሕዝቡ ያብዳል። ጃናካ ከሁሉም ጋር ያጨበጭባል፤ ሆዱ ግን አብሮት አያጨበጭብም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይመጣል?

ኳስ እንዲያ እንድትታጠፍ አንዱ ጎኗ ሻካራ፣ ሌላው ጎኗ የሚያበራ መሆን አለበት። ያኔ በምራቅና በላብ ማሸት ይፈቀድ ነበር። ከዚያ ውጭ ግን ሰም፣ ቅባት ወይም ሌላ ማናቸውንም ነገር የቀባት ሰው ይታገዳል። ማሸቱ ከጥንትም የጃናካ ሥራ ነው። በየውርወራው መሃል ኳሷን ተቀብሎ ምራቁን ይቀባታል፣ ሱሪው ላይ አሽቶ ለኢንዱኒል ያቀብለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ያ እጅ ወደ ኪስ የሚገባው።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ጃናካ ጎኑ ተቀመጠ። ኢንዱኒል አባቱ በስኳር በሽታ እግሩን ካጣ ወዲህ ጣፋጭ ነገር በአፉ አይዞርም፤ ሻዩንም እንደጠቆረ ነው የሚጠጣው።

«እንካ፣ ከአክስቴ የዝንጅብል ከረሜላ አንድ ቅመስ» አለው ጃናካ። «በዚህ ሬት ሻይህ አንጀትህ ሊደርቅ ነው።»

«ባክህ ተወኝ። ይልቅ አንተ ይህን የዘንድሮ ሳልህን አስታግስበት። ያንተ ሳል ነው ሌሊት ሆቴሉን ሁሉ የሚቀሰቅሰው።»

«ኪስህ ውስጥ ምን አለ?»

ኢንዱኒል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምንም።»

«አሳየኛ።»

«አምበል ነህ እንጂ ፖሊስ አይደለህም፣ ወንድሜ» ብሎት ተነሳ። ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። ልጅ ሆነው ማንጎ ሲሰርቁ ጀምሮ፣ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

ካንዲ ከተማ በተደረገው ጨዋታ ጃናካ ሊጠብቀው ቆርጦ ገባ። ከረሜላውን ሆቴል ረስቶ ስለመጣ ሲስል ዋለ፤ ዓይኑ እያነባም ቢሆን ከኢንዱኒል እጅ ላይ አልነቀለውም። ያን ቀን ኳሷ አልታጠፈችም። መቺዎቹ እንደ አምናው ቀጠቀጡት፣ ኢንዱኒልም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለጃናካ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። የሚያየው እንዳለ ገብቶት ነው የተወው፣ አለ በልቡ።

ወደ ጋል ሲመለሱ ኳሷም ወደ ጠባይዋ ተመለሰች። የእንግዶቹ ቡድን አጉረመረመ፤ ዳኞቹ በየጊዜው ኳሷን እያገላበጡ ያዩ ጀመር። ጃናካ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ከረሜላ ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወረ አሰበ። እነሱ ቀድመው ከያዙት ቡድኑ በሙሉ ሌባ ይባላል። እኔ ከተናገርኩ ግን የሚጠፋው አንድ ሰው ነው። ያ አንድ ሰው አብሮ አደጉ መሆኑ እየከነከነው፣ በምሳ እረፍት ወደ ጨዋታው ኮሚሽነር ቢሮ ወጣና የሚጠረጥረውን ተናገረ። ኳሷ ታሽጋ ኮሎምቦ ላለ ላቦራቶሪ ተላከች።

ከቀናት በኋላ ሁለቱም ኮሚሽነሩ ፊት ቀረቡ። ኮሚሽነሩ ሳቅ የማያውቁ የኒውዚላንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጥፋተኛ የሆነ አንድ ዓመት እንደሚታገድ አስታወቁ። ለኢንዱኒል ደግሞ አንድ ዓመት ማለት ዕድሜ ልክ ነው።

«በኪስህ የምትይዘውን ጠረጴዛው ላይ አውጣው» አሉት።

ኢንዱኒል አወጣ። የቆሸሸች የነጭ ክር ቁራጭ ነበረች።

«ለመጀመሪያው ጨዋታዬ ስሄድ እናቴ መነኩሴው ዘንድ ወስዳ ለበረከት እጄ ላይ ያሳሰረችልኝ ናት» አለ ቀና ሳይል። «ዘንድሮ ከእጄ ላይ ተበጠሰች። ዕድሌም አብራ የተበጠሰች ስለመሰለኝ ለማንም መናገር አልፈለግሁም።»

ጃናካ መሬት ብትውጠው በወደደ። የልጅነት ጓደኛውን የሸጠው ለአንዲት ክር ነው። ሳሉ ሲተናነቀው፣ ከኪሱ አንድ ከረሜላ አውጥቶ ጎረሰ።

«ኳሷ ግን ንጹሕ አይደለችም» አሉ ኮሚሽነሩ። «የተቀባችው ነገር ታውቋል።»

ኢንዱኒል ቀና አለ። «እኔ ምንም አልቀባኋትም።»

«ስኳርና ዝንጅብል» አሉ ኮሚሽነሩ።

ጃናካ አፉ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃተው።