መዘውር የሌለው ደጋን

ጥቅምት ሲገባ በሰሜን ሚቺጋን ወንድ የተባለ ሁሉ ቤቱን ጥሎ ጫካ ውስጥ ባለው ካምፑ ይከትማል። ሚስቶቹ እስከ ኅዳር ብቻቸውን ይከርማሉ፤ ሲጠየቁም ናፍቆቱ ከባድ ነው ይላሉ።

ራይኖና ደልበርት አባቶቻቸው ከግንድ የሠሯትን አንዲት ካምፕ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አጋዘን የሚያድኑት በደጋን ነው። ሁለቱም እንደ ዘመኑ ሰው ገመዱን መሳብ የሚያቀልል መዘውር፣ ማነጣጠሪያና ርቀት መለኪያ የተገጠመለት ደጋን ነበራቸው። አንድ ዓመት ራይኖ የሱን ሸጠና ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ ከገመድ በቀር ምንም የሌለው ደጋን ይዞ መጣ። የሚስቱ የአይሊ አባት ደጋን ጠራቢ ስለነበሩ መላውን ያመጣችው እሷ ናት። ፍላጻዎቹንም የዝይ ላባ እየለጠፈች የምትሠራለት እሷው ናት።

ከዚያ ወዲህ ራይኖ ሰባኪ ወጣው። ባትሪ ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው አዳኝ ሳይሆን ሸማች ነው ይላል። ከአውሬው ጋር ትንፋሽ ለትንፋሽ ሳይቀራረብ ፍላጻ አይለቅም። ደልበርት ይህን ሁሉ እራት ላይ እየሰማ ሥጋውን ያላምጣል። ሥጋው ደግሞ የራይኖ አጋዘን ነው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ያ ሁሉ መሣሪያ እያለው እሱ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ባለ እንጨቱ በየዓመቱ ይቀናዋል።

ራይኖ የድሮ አዳኞችን ሕግ አጥብቆ ይጠብቃል። የተወጋ አጋዘን ወዲያው ከተከተሉት ደንግጦ አገር አቋርጦ ይጠፋል፤ አንድ ሰዓት ከተዉት ግን ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይሞታል። ስለዚህ ራይኖ ፍላጻውን እንደለቀቀ ፊቱን አዙሮ ካምፕ ይገባና ሾርባውን ይጠጣል። የሚቀናው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ሚስቶች ስንቅ ይዘው የሚመጡት ያን ቀን ስለሆነ፣ የጠገበ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም ይላል። አይሊ ድስቱን ምድጃ ላይ ጥዳ እንጉዳይ ለቀማ ትወጣለች። ሰዓቱ ሲሞላ ትመለስና የደም ፍለጋውን ታግዘዋለች። ዓይኗ የንስር ነው፤ ደሙን ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ደልበርት ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ራይኖ ድምፅ የማያሰማ ጠመንጃ ደብቆ እየገደለ፣ ኋላ ፍላጻ ይሰካበታል ብሎ ደመደመ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ አወጣው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጠመንጃህን የት ነው የምትደብቀው?"

ራይኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። በካምፑ ሕግ በአደን የዋሸ ሰው አልጋውን ለቅቆ ይሄዳል።

"ዛሬ ተከትለኸኝ እይ" አለ። "ጠመንጃ ካገኘህ ካምፑን ለቅቄልህ እሄዳለሁ። ካጣህ ግን ከርሞ አንተም እንጨት ይዘህ ትወጣለህ። ካልቀናህ አልጋህን ትለቃለህ።"

"ይሁን።"

ዳቦ ስትቆርስ የነበረችው የደልበርት ሚስት ሎርና ፊቷ አመድ መሰለ።

"ለቅቆስ የት ሊሄድ ነው?"

"ቤቱ ነዋ" አላት ራይኖ።

ከሰዓት በኋላ ደልበርት ከራይኖ ጀርባ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀ። አጋዘኑ መጣ፣ ራይኖ ገመዱን ስቦ ለቀቀ፣ አጋዘኑ ዘሎ ተሰወረ። ራይኖ ፈገግ ብሎ ወደ ሾርባው ሄደ። ደልበርት ቅጠል ሳይቀረው አገላብጦ ጠመንጃ ፈለገ፤ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር አጋዘኑ ፍላጻ ጎኑ ላይ እንደተሰካ ሞቶ ተገኘ። ደልበርት ውርርዱን ተሸነፈ።

በጋውን ሙሉ ጓሮው ውስጥ በእንጨት ደጋንና አይሊ በሠራችለት ፍላጻ የሣር ክምር ሲወጋ ከረመ። አብዛኛው ፍላጻ የጎረቤት አጥር ላይ ነው ያረፈው። የሰፈሩ ሰው "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" እያለ ሳቀበት። ሎርና በመስኮት አየችው። እሷ ከአይሊ ጋር የጫካ ፍሬ ለቀማ ጀምራ ነበር፤ ጣቷ ተልጦ ነበር የምትመለሰው።

ደልበርት ፈራ። ያ አልጋ አባቱ የሞቱበት አልጋ ነው።

ዳሩ ግን እየጠላ የጀመረው ነገር ሳያስበው ገባው። ጥቅምት ላይ ጫካ ሲገባ የሚያበራው፣ የሚለካው፣ የሚጠግነው ነገር አልነበረም። ዛፍ ተደግፎ ሲቀመጥ ወፍ ቆቡ ላይ አረፈች። ነፋሱን በጉንጩ ያውቀው ጀመር። ባዶ እጁን በተመለሰ ቁጥር ያዝን ነበር፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ ለመሄድ ይቸኩላል። ይህን ደስታ ያገኘው ሊነጠቅ ሲል መሆኑ አንጀቱን በላው።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። አጋዘኑ ከፊቱ ብቅ ሲል ደልበርት ገመዱን ሳበ። ለቀቀው። አጋዘኑ ዘለለና ጠፋ። ፍላጻው የት እንደገባ አላየም፤ ሕጉን አክብሮ ግን ካምፕ ተመለሰ። ማንም አልነበረም፤ ራይኖ ከራሱ ቦታ አልተመለሰም፣ ሚስቶቹም እንጉዳይ ለቀማ ሄደዋል። ያን ያህል ረጅም ሰዓት በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሾርባውንም አልቀመሰም።

ሁሉም ሲሰባሰቡ ፍለጋ ወጡ። ደሙን ያየችው ሎርና ናት። አጋዘኑ ወንዙ ዳር፣ ልቡ ላይ ፍላጻ እንደተሰካ ተዘርሯል። ደልበርት ተንበርክኮ አለቀሰ። ራይኖ አንገቱን አቅፎ፣ እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ መትቼ አላውቅም አለው።

እራት ላይ ሰባኪው ደልበርት ሆነ። መዘውር ያለው ደጋን የሰነፍ መሣሪያ ነው፣ ሰው ከጫካው ጋር ሲታረቅ ፍላጻው መንገዱን ራሱ ያውቃል አለ። ራይኖ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠው። ሚስቶቹ ሰሃኑን ሰብስበው ለማጠብ ወደ ውጭ ወጡ።

"ሎርናዬ፣ ከርሞ እንኳ ስትወጊው እንዲህ ልቡን አነጣጥረሽ አትምቺው" አለቻት አይሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፣ አለዚያ እነሱም ቢሆኑ ይጠረጥራሉ።"