የሰይፉ ምሳ

የጥርስ ሐኪሟ ናዝሬት የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ማሽኑን ክዳን ስትከፍት፣ ከታሸጉት የጥርስ መንቀያ ጉጠቶች ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ተጋድሞ አገኘች። ጠዋት እሽጉ ላይ የለጠፈችው ምልክት ዕቃው በወጉ ሲቀቀል መጥቆር ነበረበት። አልጠቆረም።

እማማ ወለተ ሐና ወንበሩ ላይ ተንጋለው ይጠብቃሉ። ከቡኢ የመጡት ያበጠ ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው ነው። ማደንዘዣውን ወግታቸዋለች፤ ግማሽ ከንፈራቸው የራሳቸው አልመስል ብሏቸዋል።

«ማነው ይህን እዚህ የከተተው?» አለች፣ መልሱን እያወቀችው።

«የኔ ምሳ ነው» አለ የክሊኒኩ ባለቤት ሰይፉ፣ እጁን ኪሱ ከቶ በሩን ተደግፎ። «ቆጮ ከቀዘቀዘ ምን ይረባል?»

«ማሽኑን አቋርጠው?»

«ለአፍታ ነዋ። ሙቀት ያው ሙቀት ነው። ንቀይላቸውና ይሂዱ፤ ውጭ ሰው ሞልቷል።»

ናዝሬት ደሟ ፈላ። ጉጠቶቹ ትናንት ስንት ሰው አፍ ውስጥ ገብተው ወጥተዋል፤ ማን ምን በሽታ እንዳለበት ማን ያውቃል?

«እንደገና ይቀቀላል። እስኪደርስ ይጠብቃሉ» አለች።

«እስኪደርስ ማደንዘዣው ይለቃቸዋል።»

«መልሼ እወጋቸዋለሁ። በዚህ ግን አልነቅልም።»

«እንግዲያው ጋውንሽን አውልቂና ውጪ። ወልቂጤ አንድ ስልክ ብደውል ነገ በአንቺ ቦታ የሚቆም ሐኪም አላጣም።»

የምሩን ነው። ከእሷ በፊት የነበረችውን ሐኪምም በር ላይ እንደቆመ ነው ያባረራት። ናዝሬት ፈራች፤ ሥራውን አጥብቃ ትፈልገዋለች። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። እማማ ወለተ ሐና አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያሉ።

ቆጮውን አወጣችና የሕክምና ዕቃ ማቅረቢያው ትሪ ላይ አስቀመጠችው። ቅጠሉን ገለጠች። ለስላሳው ቆጮ ከሥር የጉጠቱን ቅርጽ ይዞ ወጥቷል፤ ሁለቱ እጀታዎች ሳይቀሩ ይታያሉ። ትሪውን ወደ ሰይፉ ገፋችለት።

«ማሽኑ ጉጠቶቹን ንጹሕ ካደረጋቸው ምሳዎ ደርሷል። እርስዎ ይጉረሱ፣ እኔ እነቅላለሁ።»

ሰይፉ ሳቅ ሊል ሞከረ። ቆጮውን አየ፤ ጉጠቶቹን አየ።

«በኋላ እበላለሁ።»

«አሁን።»

«አልራበኝም አልኩ እኮ!»

እማማ ወለተ ሐና ክንዳቸውን ተደግፈው ከወንበሩ ቀና አሉ። ከደነዘዘው ከንፈራቸው ምራቅ ወርዶ አንገታቸውን አረጠበው፤ አልጠረጉትም። አፋቸው ደንዝዞ መናገር ቢያቅታቸውም አንዲት አጭር ቃል ወጣችላቸው።

«ብላ» አሉት።

የሰይፉ እጅ ከኪሱ አልወጣም።