ከጸሐይወርቅ ኮምፒውተር የወጣው ፋን

ሱዳናዊው ማዚን ሳጃና ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። እናቱ ጎንደሬ ስለሆነች አማርኛ ይችላል፤ ሐበሾች ደንበኞቹ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ የቢሮ ሰው ለአሮጌ ዴስክቶፑ ማቀዝቀዣ ፋን እንዲፈልግለት ጠየቀው። ማዚን የሰፈሩን ሱቆች ሁሉ ዞሮ አጣ። በመጨረሻ፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አቧራው እንዲጠረግላቸው ከተዉት ተመሳሳይ ኮምፒውተር ላይ ደህናውን ፋን ፈትቶ ሸጠለት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጸሐይወርቅ ከሚኖሩበት ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ደወሉ።

«ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የእርስዎ ፋን ተቃጥሏል» አላቸው ማዚን። «አሮጌ ስለሆነ ምትክ የለውም። ኻላስ፣ አለቀ።»

«እንግዲያው አንዴ አብራውና ፎቶዎቼን ገልብጥልኝ፣ ልጄ።»

ስልኩን እንደያዘ፣ ኮምፒውተሩን ያለ ፋን አበራው። ስክሪኑ ላይ የሙቀቱ ቁጥር ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ እያለ ወጣ።

«ምን ነካኝ?» አሉ ጸሐይወርቅ። «ሰውነቴን እሳት ለቀቀብኝ!»

ዘጠና ሲል እሪ አሉ። «ተቃጠልኩ! ውሃ! ውሃ አምጡልኝ!»

ማዚን ደንግጦ አጠፋው። ጩኸቱ እዚያው ቆመ።

«ተመስገን» አሉ እያለከለኩ። «ቃጠሎው ተወኝ። ምን ይሆን፣ ልጄ?»

ማዚን የሱቁን በር ዘጋና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደገና አበራው።