የራሰው ትከሻ

«እማ፣ ፊደል ሳይለዩ የደራሲ ፊልም ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ተመልካች የሚያስገባው አስተማሪ ከወረታ ከተማ አዳራሽ በር ላይ አስቆመኝ። ለማየት ጓጉቼ ነበርና ገፍቼው ገባሁ።

ፊልሙ ስለ ሁለት ስመ ጥር ደራሲዎች፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ወዳጅነት ነበር። ረጅሙ አጭሩን እንደ ታናሽ ወንድሙ ሲጠብቀው ኖረ ይላል ተራኪው። ከዚያ ሁለቱ በዝናብ ከሣር የተሠራ አንድ ገሳ ተጋርተው የቆሙበት ፎቶ መጣ። እኔ ገሳ ለብሼ የፎገራን ሩዝ ሳርም ያረጀሁ ነኝና ዐይኔ ከፊታቸው ይልቅ ወደ ገሳው ሄደ። የያዘው አጭሩ ነበር፤ ወደ ረጅሙ አጋድሎለት የራሱ ትከሻ ርሷል። ረጅሙን ጠብታም አልነካው።

ተነሣሁ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ሰው ፊልም እያየ ነው!» አለኝ አስተማሪው።

«ቢያይማ እኔን ምን አስነሣኝ! ያንን ፎቶ መልሰውና ጠባቂው ማን እንደሆነ አንተም እይ።»