ያልተመረቀ መንገድ

ኤልሳቤጥ የጫማዋን ማሰሪያ ራሷ አሰረች። እናቷ ዘነበች በሩን ተደግፋ ጣቶቿን ታያለች። ከመስቀል ወዲህ ማበጠሪያ እንኳ ማንሳት አቅቷት፣ የምታስተምራቸውን ልጆች ትታ ከአልጋ ሳትወርድ የከረመች ልጅ፣ ዛሬ ታጥባና ለብሳ ቁጭ ብላለች። ሌላ እናት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። ዘነበች ግን ልቧ ድንግጥ አለ። የሚሞት ሰው ለአንድ ቀን ይነቃል ሲባል ሰምታለች።

"መኪናው መጣ፣ እማዬ?"

"መጥቷል። አባባ ሽብሩ ይመርቁሽና ትሄጃለሽ።"

ግቢው ውስጥ የሚሲዮኑ ክሊኒክ ላንድሮቨር ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። የክሊኒኩ ድሬሰር ማቴዎስ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አልጋ ያስያዘላት እሱ ነው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ሦስት ሳምንት ተመላልሷል፤ ወረቀቱም የሚያገለግለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

አባባ ሽብሩ የዘነበች ባል የአስፋው ታላቅ ወንድም ናቸው። አስፋው ኦጋዴን ዘምቶ ከቀረ ጀምሮ የዚህ ቤት አባት እሳቸው ናቸው። ከቤተሰቡ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው፣ እርጥብ ሣር ይዘው ካልመረቁት ከግቢው አይወጣም። ሙሽራም ቢሆን፣ ወታደርም ቢሆን። አስፋውም የሄደው ተመርቆ ነበር። ዛሬም ለዚሁ ብለው ከፎንቆ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በእግራቸው መጥተዋል።

"እዚያ ምንድነው የሚያደርጉላት?" አሉ ማቴዎስን።

"አስተኝተው ራሷ ላይ ትንሽ ኮረንቲ ያሳልፋሉ፣ ጋሽ ሽብሩ። ጥቂት ሴኮንድ ነው። እንደሷ እህል ውሃ የተዉ ሰዎች ድነው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ኮረንቲ። ያ የወፍጮ ቤቱን ልጅ እንጨት አድርጎ የጣለው?"

"እንደዚያ አይደለም። ይሄኛው ተለክቶ ነው።"

"ስማኝ እንጂ፣ ጓድ ድሬሰር። እኛን ኮረንቲ አጠረን እያሉ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያጠፉብናል። እዚያ ተርፏቸው ሰው ጭንቅላት ላይ ይለቁታል?"

ጎረቤቷ ታንጉት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "እዚያ የሚገባው ጨርቁን የጣለ ነው። ከዚያ ስትወጣ ማን ያገባታል? የሰጧት ክኒንም ቢሆን ደም ያደርቃል፣ ማህፀን ይዘጋል ብዬ ነበር።"

"ክኒኑማ አልረዳትም" አለ ማቴዎስ። "ሁለት ወር ሙሉ ወስዳ ለውጥ አልታየም። ክኒኑን ያዘዘው ሐኪም ወደ ኮረንቲ የዞረው ለዚህ ነው።"

ዘነበች መሬት መሬት አየች። ሁለት ወር አይደለም፤ አሥራ ሁለት ቀን ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ታንጉት ስለ ማህፀን አወራቻት፤ በዚያው ምሽት የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ጨመረችው። ከዚያ በኋላ ለልጇ በየማታው የምትሰጣት ቪታሚን ነበር። ማቴዎስ እየመጣ "እየወሰደች ነው?" ሲላት "አዎ" ትለዋለች። አሁን እውነቱን ብትናገር ክኒኑ እንደገና ይጀመር ይሆናል፤ ኮረንቲውም ይቀር ይሆናል። ግን ታንጉት እዚያ ቆማለች። ማቴዎስም በምን ዓይን ያያታል?

ኤልሳቤጥ ወጥታ አጎቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

"ይመርቁኝ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ወደ ሣሩ አላጎነበሱም። "ልጄ፣ ለመንገድ እመርቃለሁ። ለሠርግም እመርቃለሁ። ለኮረንቲ የሚሆን ምርቃት ግን ከአባቴ አልተቀበልኩም።"

ማቴዎስ ወደ ዘነበች ዞረ። "እንግዲያው እርስዎ ይመርቋት፣ እትዬ። እናት ነዎት።"

ኤልሳቤጥ እንደተንበረከከች ፊቷን ወደ እናቷ መለሰች። "ልሂድ፣ እማዬ። መተኛቱ ሰልችቶኛል።"

ከመስቀል ወዲህ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ዘነበች አፏን ከፈተች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ በሰላም ተመለሺ ማለት ብቻ ነው። ግን ቃሉ ምላሷ ላይ ሳለ ላንድሮቨሩ ሲመለስ ታያት፤ የኋላ በሩ ሲከፈት፣ ነጭ አንሶላ፣ የታንጉት ጩኸት። መርቃ የላከቻት እናቷ ናት ሲሉም ሰማቻቸው።

"አባባ እምቢ ካሉ" አለች፣ "እኔ ምን አቅም አለኝ።"

ኤልሳቤጥ ተነሥታ የጉልበቷን አፈር አራገፈች፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። "እሺ" አለች። ወቀሳ የለበትም።

"ሁለተኛ ይህን ወረቀት አይሰጡኝም፣ እትዬ ዘነበች" አለ ማቴዎስ። መኪናው ውስጥ ሌሎች ሁለት ሕመምተኞች አሉ። ገብቶ በሩን ዘጋ።

ላንድሮቨሩ ዳገቱን ወጥቶ ድምፁ እስኪጠፋ ዘነበች አዳመጠች። ደረቷ ቀለል ሲላት ታወቃት። ከንፈሯም ይንቀሳቀስ ነበር፤ ተመስገን፣ ተመስገን እያለች ነው። ለምን እንደምታመሰግን ሲገባት ቶሎ አፏን በእጇ ያዘች።

ቤት ስትገባ ኤልሳቤጥ ከነልብሷ ተኝታለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው።

"መስኮቱን ዝጊልኝ፣ እማዬ።"

ዘነበች ዘጋችው። ውጭው ገና ረፋድ ነበር። ዓይኗ ጨለማውን ለምዶ ልጇን እስኪያሳያት እዚያው ቆማ ጠበቀች። ዓይኗ አልለመደም።