ድልድዩ ላይ እንገናኝ

ሐሳቡን ያመጣችው ታላቅ እህቷ ናት።

«ያስራዘምሽው የወሊድ ፈቃድ ሰኞ ያልቃል። ካልገባሽ ማተሚያ ቤቱ በቦታሽ ሌላ ሰው ያስገባል። ባልሽ እንደሆነ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚሰፋው፤ ልጅቷን ቢይዝ ምን ይሆናል?» አለቻት።

«እንቅልፋም ነው እኮ። ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ሲያንኮራፋ ስንቴ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ፈትኚው።»

ፈተናው እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ መግቢያው ላይ ዘበኛ ያለው በር የሚገኝበት አንድ የእግር መንገድ አለ። ሦስት ኮረብታ ያስወጣል፣ ወንዝ ያወርዳል፣ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ ዞሮ የተነሱበት በር ላይ ይመልሳል። ሙሉ ቀን ያስኬዳል። እሷ በቀኝ በኩል በኮረብቶቹ ትሄዳለች። እሱ ልጃቸውን ሚጣን አዝሎ በግራ በኩል በወንዙ ዳር ይሄዳል። መሀል ላይ ድልድይ አለ፤ እዚያ ይገናኛሉ። ልጅቷ ደህና ከሆነች እናት ሰኞ ሥራ ትገባለች። ካልሆነ ትቀራለች።

«አብራችሁ ከሄዳችሁማ አሥር እርምጃ ሳትሄጂ ትነጥቂዋለሽ» አለች እህቷ።

ውሸቷን አይደለም። ሚጣ ከተወለደች ሰባት ወሯ ነው። እናቷ እስከ ዛሬ ሽንት ቤት እንኳ የምትገባው በሩን ከፍታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ጋ ደረሱ። የዘበኛው ቤት ገና አልተከፈተም።

«ወተቱ በጣም አይሙቅ፣ በጣምም አይቀዝቅዝ። ፀሐይ እንዳይነካት። ወንዙንም እንዳታሳያት፣ ትደነግጣለች።»

«በወንዝ ዳር እየሄድኩ ወንዙን የት ልደብቀው?» አለ ባሏ።

«እንቅልፍ ከመጣብህ ደግሞ...»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሂጂ በቃ።»

ሄደች። አምስት ጊዜ ዞር ብላ አየችው። አምስቱንም ጊዜ እዚያው ቆሞ እጁን እያወዛወዘላት ነበር። ስድስተኛው ላይ መንገዱ ታጠፈና ጋረደው።

የመጀመሪያው ኮረብታ ወገብ ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማች። ቀጥ ብላ ቆመች። ነፋስ ነው። እህቷ ነግራታለች፤ የእናት ጆሮ ውኃ ሲፈላም ለቅሶ ይሰማዋል ብላታለች። ጆሮዋስ ይሳሳት እንበል፣ ጡቷ ግን አግቶ ቀሚሷን አረጠበው። ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም።

«አብደሻል» አለች ለራሷ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ሁለተኛው ኮረብታ ላይ አንድ ቤት አለ፤ የቤቱ ውሻ እስኪደክመው ጮኸባት። አልፋው ወረደች፣ እሱም ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከኋላዋ እንደ አዲስ ጀመረው። መሄዴም አይገባው፣ እንደኔው ጭንቀታም ነው አለች በሆዷ፤ ሳትወድ በግድ ሳቀች።

ስድስት ሰዓት ላይ ድልድዩ ደረሰች። ሰው የለም። አንድ አናጢ ብቻ ምስማር በከንፈሩ ይዞ የላላ እንጨት ይመታል።

«እንደምን ዋልክ ወንድሜ። ከወዲያ ማዶ ሕፃን ያዘለ ሰው መጥቷል?»

ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ከወዲያ ማዶ ዶሮም አልመጣ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። የያዘችውን ዳቦ ሳትቀምሰው በጣቷ ፈርፍራ ጨረሰችው። አንዴ አናጢው መዶሻውን አቁሞ፣ እሷ ወደወረደችበት ኮረብታ አንገቱን አስግጎ ቆየ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ?» አለችው።

«ኧረ አይመስለኝም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃታት። ዛፍ ሥር ተኝቷል፤ ሌላ ምን ይሆናል። እሱ ተኝቶ ልጅቷ በዳዴ ወደ ውኃው... የቀረውን ማሰብ አልፈለገችም። ድልድዩን ተሻግራ በወንዙ ዳር መሮጥ ጀመረች። ያገኘችውን ዛፍ ሁሉ ሥሩን አየች። ቁጥቋጦውን በእጇ ገለጠች። ለቅሶው ደግሞ አልተዋትም፤ ሩጫዋን ስትጨምር ይርቃል፣ ስትቆም ይቀርባል።

ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አገኘች።

«እህቶቼ፣ ሕፃን ያዘለ ሰው በዚህ አላለፈም?»

«ገና አላየንም» አለች አንዷ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ። «የጠፋብሽ ባልሽ ነው ልጅሽ?»

«ሁለቱም።»

«ልጅቷን ፈልጊ። ባል እንደሆነ ሲርበው ይመጣል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ሮጠች። እየሮጠች ለማተሚያ ቤቱ አለቃ የምትጽፈውን ታስብ ነበር። ሁለት መስመር ይበቃል። ልጄን የምጥልበት ሰው የለኝም፤ ሰኞ አልመጣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም በሩ ጋ ደረሰች። ዘበኛው ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሻሉ።

«አባባ፣ ባሌ ልጄን አዝሎ አልወጣም?»

«እኔ ከገባሁ ወዲህ ማንም አልወጣ፣ ልጄ። በየት በኩል ነበር የሄደው?»

«በወንዙ ዳር።»

«አንቺስ አሁን የመጣሽው በወንዙ ዳር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ መንገዱ አንድ ነው፤ እንዴት ሳትገናኙ ቀራችሁ?»

የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«ሰው ይሰብስቡልኝ አባባ። ጥፋቱ የኔው ነው። ሥራ ምን ያደርግልኛል፣ ሰኞም ይቅርብኝ፣ ሁሉም ይቅርብኝ፣ ልጄን ብቻ...»

«ሰኞ እንኳ ሥራ ስትሄጂ እንደዚህ አትሩጪ» አለ ባሏ፣ እሷ በመጣችበት በኩል እያለከለከ ደርሶ፣ እንቅልፍ የወሰዳትን ልጅ ከጀርባው እያወረደ፤ «ወንዙን አታሳያት ስላልሽ በኮረብታው ተከተልንሽ፤ ወተቷን ሳጠጣት ድልድዩን ተሻግረሽ አመለጥሽን፤ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላ ከኋላሽ ስንል እኔም ሚጣም አለቀልን።»